የፍየል ምርምር ክፍላችንን የመሠረቱትን ባልደረባችንን ስለ መሰናበትና ስለ ክፍሉ ቀጣይ ዕጣ

የበግና ፍየል ምርምር ማዕከላችንን የፍየል ክፍል የመሠረቱትና እስካለፈው ወር ድረስ የመሩት ተመራማሪ፣ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ከጥበቃ እስከ ላቦራቶሪ ሁሉም ሰው «የፍየል ጠበቃው» እያለ የሚጠራቸውን ሰው በማጣታችን ጥልቅ ሀዘን ተሰምቶናል።

ታመው ሳሉ ሊጠይቋቸው ለሄዱ ባልደረቦች፣ ይህ መግለጫ «አንጋፋ» የምትለውን ቃል እንዳይጠቀም በጥብቅ አሳስበው ነበር። «አርጅቷል ለማለት ስታፍሩ ነው እሷን የምታመጧት። ደግሞ ደስ ብሎኝ ኖሬ፣ ፊታችሁን አጥቁራችሁ እንዳትቀብሩኝ» ብለዋል። የመጀመሪያውን አክብረናል፤ ሁለተኛውንም እየሞከርን ነው።

በመጨረሻዎቹ ወራት እንቅልፍ የነሳቸው ሕመሙ ብቻ አልነበረም። እሳቸው ሲለዩ የፍየል ክፍሉ ታጥፎ ከበግ ክፍል ጋር እንዲቀላቀል፣ መንጋውም እንዲበተን ለሥራ አመራሩ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ክፍሉን የሚረከብ ሰው አልተገኘም ነበርና።

ሥራ በጀመሩበት ዘመን የምርምሩ ሁሉ ጥያቄ አንድ ነበር፤ እንስሳው እንዴት ይተልቅ? የአገሪቱ ጥናት በአብዛኛው ስለ በግ ሲሆን ፍየል የምትነሳው በግርጌ ማስታወሻ ነበር። ወጣቱ ተመራማሪ በመጀመሪያ ስብሰባቸው ላይ ተነስተው «ፍየሏ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠላጥላ ራሷን ትቀልባለች፤ እኛ እሷን የሚያጠና አንድ ሰው መቀለብ አቃተን?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ፤ ክፍሉም ተፈቀደ።

ቀጥሎ ከውጭ የመጡ አውራዎችን ከአገሬው እንስቶች ጋር የማዳቀል ሥራ መጣ። እሳቸውም እንደ ሌላው ሁሉ በጉጉት ገቡበት። ግልገሎቹ በበረት ውስጥ እያማሩ አደጉ፤ ለአርቢዎች ሲሰጡ ግን በመጀመሪያው የበጋ ወራት ከሱ። ሌሎች እንዲህ ያለውን ውጤት መሳቢያ ውስጥ ሲቆልፉበት፣ እሳቸው ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ይዘውት ወጡ። «ግልገሎቹን ለማስታመም ሌላ ፕሮጀክት ያስፈልገናል» ብለው አዳራሹን በሳቅ አፈረሱት። ዛሬ «ያልተሳካልን» የሚባለው የጉባኤያችን ክፍለ ጊዜ ከዚያ የተወለደ ነው። ወንበር የሚጠፋውም በእሱ ሰዓት ነው።

ከሁሉ የላቀው አስተዋጽኦአቸው የተገኘው ግን የከብት ገበያ በር ላይ ነው። ፈጥነው የሚያድጉት ወጠጤ ፍየሎች ቀድመው ለእርድ እንደሚሸጡ፣ መንጋው ውስጥ ቀርተው ዘር የሚተኩት ገዢ ያጡት ቀጫጮች መሆናቸውን አዩ። «ለዘር የሚሆነውን ለቢላ፣ ለቢላ የሚሆነውን ለዘር እየሰጠን ነው» ሲሉ ጻፉ። አርቢዎች ተሰባስበው ምርጡን አውራ በጋራ እንዲያቆዩ ያግባቡት ከዚህ በኋላ ነው። የምርምሩም አቅጣጫ ቀስ በቀስ ከበረታችን ወጥቶ ወደ አርቢው መንጋ ዞረ። የግልገል ሞት፣ የወተት ፍየል፣ የአገሬው ዝርያ ድርቅን የመቋቋም አቅም ዛሬ ወጣቶች የሚሻሙባቸው ርዕሶች ሆነዋል። እሳቸው ይህን ሲያዩ የሠርግ ቤት አባት መስለው ይዞሩ ነበር።

በዚህ ሁሉ ዘመን ዋና ተቃዋሚያቸው የበግ ክፍል ኃላፊዋ ነበሩ፤ ባለቤታቸው ማለታችን ነው። ሁለቱ በክበቡ የምሳ ጠረጴዛ ላይ ሲከራከሩ ሰው ሻይውን ይዞ ይጠጋ ነበር። ባለቤታቸው «በግ ገራም ናት» ሲሉ፣ እሳቸው «ገራም አይደለችም፣ ሐሳብ የላትም» ይሏቸዋል። ከሰዓት በኋላ ግን የአንዳቸውን ጽሑፍ ሌላኛቸው ሳያርሙት ወደ ኅትመት ሄዶ አያውቅም።

የሥራ አመራሩ ከቀብሩ ማግሥት ተሰብስቦ የፍየል ክፍሉ ራሱን ችሎ እንዲቀጥል ወስኗል። የወሰነውም ተረካቢ ስለተገኘ ነው። ባለቤታቸው የበግ ክፍሉን ለምክትላቸው አስረክበው ወደ ፍየል ለመዛወር አመልክተዋል። ሐሳባቸውን ስለመለወጣቸው ሲጠየቁ፣ «እሱ ልክ ነበር የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም! ግን ፍየሎቹ ሲበተኑ ቆሜ ማየት አልችልም። ይሄን ቢሰማ ሆዱን ይዞ ይስቅብኝ ነበር፤ ይሳቅብኝ፣ የኔ ጌታ» ብለዋል። ይህን ሲሉ እያለቀሱ ይስቁ ነበር፤ እኛም እንደዚያው።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ለአርቢ ማህበራትና ለመላው ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። አዲሷ የፍየል ክፍል ኃላፊ ሰኞ ሥራ ጀምረዋል። ያቀረቡት የመጀመሪያ ጥያቄ ከበግ ክፍል ተቀንሶ ለፍየሎቹ አንድ ሰፊ በረት እንዲሰጥ ነው። ይህም በረት ራሳቸው የበግ ክፍል ኃላፊ ሳሉ ባለቤታቸውን ሲከለክሉ የኖሩት ነው።

የማዕከሉ ሥራ አመራርና ሠራተኞች