የናን ዶሚንጋ ሉሽ ያልተነገረ ሕልም

መላው መንደር «ናን»፣ እናታችን፣ ሲል የሚጠራቸው ዶሚንጋ ሉሽ በጓቲማላ ደጋ፣ ጥድ በከበባት በፓቻህ፣ «ታት»፣ አባታችን፣ ከሚባሉት ከአባታቸው ከታት ሴባስቲያን ሉሽና ከእናታቸው ከናን ማኑዌላ ሳፔታ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1951 ጭጋጉ ባልተገለጠበት ማለዳ ተወለዱ። እናታቸው በዚያ ሌሊት በሕልማቸው ነጭ ወፍ በሽመና ዕቃቸው ላይ ስታርፍ አይተው ስለነበር፣ ልጅቷ ሕልም የሚበዛባት ትሆናለች ተባለ። እንደተባለውም ሆነ።

ትምህርት ቤት የቆዩት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። የመምህሩ ስፓኒሽ ስለማይገባቸው በመስኮቱ ደመና ሲያዩ ውለው ይመለሱ ነበር። ሽመናውን ግን ከእናታቸው ጉልበት ሥር ተቀምጠው ጠንቅቀው ተማሩ። በ1969 ማሪምባ የሚባለውን የእንጨት ሙዚቃ መሣሪያ የሚጫወቱትን ታት ቶማስ ኢሽኮይን አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ።

በቤታችን ሕልም የሚነገረው ማለዳ፣ ምድጃ ዙሪያ፣ ቁርስ ሳይቀመስ ነው። በዚያው ግቢ ከባለቤታቸው ከናን ፍራንሲስካ ጋር የሚኖሩት የናን ዶሚንጋ ታናሽ ወንድም ታት ዲዬጎ፣ «ዛሬስ ማንን ገድለሽ አደርሽ?» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። በ1982 በአንድ የገበያ ዋዜማ ቀልዱ መረር አለና ናን ዶሚንጋ አኮረፉ። በዚያች ሌሊት ወንድማቸው አንድ እግራቸው ባዶ ሆኖ ወንዝ ሲሻገሩ በሕልማቸው አዩ። ማለዳ ግን «ይቅርበት» ብለው ዝም አሉ። ታት ዲዬጎ ሽንኩርታቸውን ተሸክመው ወጡ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ነበርና መንገድ ላይ የታጠቁ ሰዎች ወሰዷቸው፤ እስከ ዛሬም አልተመለሱም።

ናን ዶሚንጋ ሆድ ይፍጀው ብለው አሥር ዓመት ኖሩ። ናን ፍራንሲስካና ከታት ዲዬጎ የወለዷት ልጃቸው ሮሴንዳ፣ ይህን ታሪክ የጻፈችው፣ ከእሳቸው ምድጃ ይበሉ ነበር። ሕልሙ ከተነገረ ያ ምድጃ ለሁለት እንደሚከፈል ናን ዶሚንጋ አልተጠራጠሩም።

በ1992 እጃቸው እየደነዘዘ ሽመናው እምቢ አላቸው። በጥንቱ የማያ አቆጣጠር ቀን ቆጣሪውና ፈዋሹ ታት ሉካስ እጃቸውን አይተው፣ ይህ በሽታ ሳይሆን ጥሪ ነው፣ በጦርነቱ ባሎቻቸውንና ልጆቻቸውን ላጡት ሴቶች ምርኩዝ ትሆኛለሽ አሏቸው። ዝግጅቱ የዚያ አቆጣጠር አንድ ሙሉ ዙር፣ ሁለት መቶ ስድሳ ቀን ነው። ናን ዶሚንጋ ከጠብና ከሐሜት ጾሙ። ቀን ቆጣሪ የሚጠነቁልበትን ቀይ ፍሬ መቁጠር፣ ሰው ሲያለቅስ ሳይናገሩ መቀመጥ ተማሩ። እየተራመዱ የሚያልሙ እስኪመስሉ ድረስ ጸጥ አሉ። በመጨረሻው ቀን የጥሪያቸው ምልክት የሆነውን የፍሬውን ከረጢት ለመቀበል እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ታት ሉካስ ግን ወደ ኋላ ሳቡት።

«ልጄ፣ የሰው ዕንባ ልትቀበዪ ነው የመጣሽው። በየትኛው እጅሽ? እጅሽ እኮ ሙሉ ነው።»

ናን ዶሚንጋ ሕልሙን ከመናገር ይልቅ ሁለት መቶ ስድሳውን ቀን እንደገና መጀመርን መረጡ። መንደሩ፣ ናን ዶሚንጋ ክፍል ደገመች፣ ብሎ ሳቀ። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሁለተኛው ዙር ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ማለዳ፣ የበቆሎ ቂጣ እየጋገሩ ሳለ፣ ሕልሙን ለናን ፍራንሲስካ ከነኩርፊያው ነገሯቸው። ናን ፍራንሲስካ ያነሱትን ሊጥ ወደ ገበታው መለሱት።

«እኔም አይቼው ነበር እኮ» አሉ። «ጫማውን ያቀበልኩት እኔ አይደለሁም? ሁለቱንም በእጄ ይዤ፣ ይኸው ሙሉ ነው፣ ሕልም ውሸት ነው አልኩ። ይሄን ብታውቂ ከቤትሽ የምታስወጪኝ መስሎኝ ነበር።»

ቂጣው አረረ። ያን ዕለት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የነበረችው ሮሴንዳ የበላችው ያንኑ ነው፤ እንደዚያ የጣፈጣት ቁርስ የለም።

ናን ዶሚንጋ ከረጢቱን ተቀበሉ። እጃቸውም ቀስ በቀስ ወደ ሽመናው ተመለሰ። ከናን ፍራንሲስካ ጋር ሆነው በየሐሙሱ ማለዳ ከጥዱ ሥር ሴቶችን መሰብሰብ ጀመሩ። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ከየመንደሩ የመጡ ሠላሳ አንድ ሴቶችን ለዚሁ ሥራ አዘጋጁ። ሕጋቸው አንድ ነበር፤ ሌላውን ልትመራ የተቀመጠች አስቀድማ የራሷን ትናገራለች። ቸኩሎ «አይዞሽ» ማለትን አይወዱም፤ አፍ መክደኛ ነው ይሉ ነበር።

ናን ዶሚንጋ ባለቤታቸውን በ2011 ቀብረዋል። ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ማርች 3 ቀን 2019፣ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው፣ የሌሊቱን ሕልማቸውን ለናን ፍራንሲስካ ነግረው እንደጨረሱ አረፉ። ሦስት ልጆች፣ ዘጠኝ የልጅ ልጆች፣ ሠላሳ አንድ ደቀ መዛሙርትና አንዲት የምድጃ እኅት ትተዋል። ናፍቆታቸው ገና ከአሁኑ ከብዶናል።

ሕጉ ሕግ ነውና ሮሴንዳም ዛሬ ማለዳ ያየችውን ሕልም ትናገራለች። ናን ዶሚንጋ ወንዙ ዳር ጎንበስ ብለው የአባቷን የጫማ ጠፍር ያስሩ ነበር፤ ሁለቱም እግሮች ጫማ ነበራቸው። ታት ዲዬጎ እንደ ልማዳቸው፣ «ዛሬስ ማንን ገድለሽ አደርሽ?» አሏቸው።

«ዛሬ ማንንም አልገደልኩም» አሉ ናን ዶሚንጋ።

ነፍሳቸው ወንዙን በሰላም ትሻገር። እኛንም ማለዳ ሕልማችንን የምንነግረው ሰው አያሳጣን።