ዓይኔ ውስጥ ያየሁት

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፣

እንዴት ነሽልኝ? እግርሽስ፣ ልጆቹስ፣ አሰንዳቦ ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ሰርቦ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። በስልክ ደህና ነኝ ብለሽ ቶሎ ስለምትዘጊብኝ ወደ ወረቀት ዞርኩ። ወረቀት አይዘጋም።

የእናታችን ስኳር ለሁለታችንም ደርሶን የለ? የእኔው አልወርድ ብሎ ከጤና ጣቢያው ወደ ጅማ ስፔሻሊስት ሪፈር ጻፉልኝ። እኔ ደግሞ ቡናዬን በጨው እየጠጣሁ ስኳር ትቻለሁ ብዬ ኮራ ብዬ ሄድኩ። ዶክተር አኒስ ደሜን አስመርምሮ፣ ይሄ የዛሬውን ብቻ ሳይሆን የሦስት ወሩን ነው የሚናገረው አለኝ። ምን ይበላሉ ሲለኝ፣ ጠዋት ቂጣ፣ ማታ ቂጣ፣ በመሀል ሙዝ አልኩት። ሳቀብኝ። ሆድዎ እኮ ቂጣውንም ስኳር ያደርገዋል አለኝ። ጉድ እኮ ነው፤ እኔ የረሳሁትን ደሜ ይዞታል።

ከዚያ ወደ ዓይን ክፍል ላከኝ። ጠብታ ጨምረውልኝ ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው አዴ ወርቂቱ ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ ትለኛለች፤ ራሷ መቀነቷን እያጠባበቀች። ሐኪሟ በመብራት ስታየኝ ኃጢአቴም ይታይሻል ወይ ብላት፣ እሱን ለፓስተርዎ ይተዉት አለችኝ። የዓይኔን ውስጥ ፎቶም አንስታ አሳየችኝ። እህቴ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ? የበሰለ ብርቱካን የመሰለ ክብ፣ በላዩ ላይ እንደ ቡና ችግኝ ሥር ቀጫጭን ቀያይ መስመሮች። ገላ ሳይቀደድ ደም ሥር ራቁቱን የሚታየው እዚህ ብቻ ነው አለችኝ። ሃምሳ ልደፍን ምንም አልቀረኝም፤ ይህን ተሸክሜ እንደምዞር አላውቅም ነበር።

ጥጉ ላይ ደም ያንጠባጠበበት ነጥብ ነጥብ አለ። ገና ነው፣ ስኳሩ ከወረደ ዓይንዎ ይተርፋል አለችኝ። ቂጣውን ቀንሼ፣ ጎመንና ባቄላ አብዝቼ፣ ኪኒኔን ሳላዛባ ሦስት ወር ቆይቼ ስመለስ ስኳሬ ወርዷል፣ ነጥቦቹም አልጨመሩም። ከደስታዬ ብዛት ከጅማ መርካቶ እስከ መናኸሪያ ባጃጅ መያዝ ረስቼ በእግሬ ሄድኩ።

ስወጣ ሐኪሟን፣ ሰው ዓይኑ ከደበዘዘበት በኋላ ቢመጣስ ብዬ ጠየቅኳት። በሌዘር የምናቆመው አለ፣ ግን ከነገ ዛሬ ይሻላል አለችኝ።

የመጨረሻው ደብዳቤሽ ፊደሉ እንዴት ያምራል። የድሮው የአንቺ «ሀ» ግን ወደ ግራ ዘንበል ይል ነበር።

ማክሰኞ በጠዋት መጥቼ እወስድሻለሁ፤ አብረን ጅማ እንገባለን። ሩሃማ ልጄ፣ ለእናትሽ የምትጽፊላትም የምታነቢላትም አንቺ እንደሆንሽ ገብቶኛል፤ እዚህ ስትደርሺ ድምፅሽን አትቀንሺ፤ ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

ጌታ ብርሃኑን አያጉድልብሽ፤ ፊትሽን በደህና ያሳየኝ፣ ፊቴንም ያሳይሽ።

ታናሽ እህትሽ