ጋሽ ደምሴን እስከ ቅዳሜ ማቆየት

ማክሰኞ፣ መጋቢት 22

እሺ ማለት አልነበረብኝም። ብያለሁ ግን።

የእድራችን ጸሐፊ አቶ ግርማ የደወለልኝ እዚህ ቶሮንቶ ቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። የጋሽ ደምሴ ወንድም ሽመልስ እሑድ ቢሾፍቱ ላይ አረፈ። ትናንት ተቀበረ። ጋሽ ደምሴ አልሰሙም። እህታቸው ወይዘሮ አልማዝ ዓርብ ከኤድመንተን ይገባሉ፤ ቅዳሜ ማለዳ ሰው ተሰብስቦ መርዶው ይነገራል። ከዚያ ማሳለፍ አይቻልም፤ እሑድ ሆሳዕና ነው፣ ሰኞ ሕማማት ይገባል።

እስከዚያ የእኔ ሥራ ሽማግሌውን ከስልክ ማራቅ ነው። ወፍ የማየት ጓደኛቸው አንቺ ነሽ፣ ጠዋት ጠዋት በጀልባ የምትሻገሩባት ደሴት ላይ ይዘሻቸው ዋይ አለኝ። ሥራ የምገባው ከሰዓት በኋላ መሆኑንም ያውቃል። እድር የማያውቀው ነገር የለም።

ለምን እሺ እንዳልኩ ልጻፈው። የእናቴን ሞት የሰማሁት ከፌስቡክ ነው። የምሠራበት የአረጋውያን ቤት፣ በእረፍት ሰዓት፣ ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ። የአክስቴ ልጅ ፎቶዋን ለጥፎ ከሥሩ ሻማ አድርጎበታል። የያዘኝ ሰው አልነበረም። አንዲት ባልደረባዬ ውሃ ሰጠችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች። ጋሽ ደምሴ ደግሞ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ልባቸውም ታማሚ ነው።

ልጄ ሩት ስትሰማ “እማ፣ ዛትስ ክሩወል። ጀስት ቴል ሂም” አለችኝ፤ ጭካኔ ነው፣ ዝም ብለሽ ንገሪያቸው ማለቷ ነው። ለእሷ ሁሉም ነገር ጀስት ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 23

ስልካቸውን ወሰድኩ። ፎቶ ሞልቶታል፣ ሩት ታጽዳልዎት አልኳቸው። ምንም ሳይጠይቁ ሰጡኝ። ቢጠራጠሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ጀልባው ላይ ከእኛ ሌላ ሁለት ብስክሌተኞች ብቻ ነበሩ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ያየነው፦

ረጅም ጭራ ዳክዬዎች፣ ብዙ፤ ወደ ሰሜን ገና አልሄዱም።
ትከሻው ቀይ የሆነው ጥቁር ወፍ፣ ደረቅ ሸምበቆ ላይ ቆሞ ሲጮህ።
አንድ ሚንክ፣ ቡናማዋ የውሃ ዳር ትንሽ አውሬ፣ አሳ በአፉ።
ማንኪያ አፍ፦ የለችም።

ማንኪያ አፍ አፏ ጫፉ ላይ የሰፋ ዳክዬ ናት። ስሟን ያወጡት ጋሽ ደምሴና ሽመልስ በልጅነታቸው ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ነው። እዚያ ትከርምና መጋቢት ላይ ትሄዳለች። ቶሮንቶም በመጋቢት ትመጣለች። ሽመልስ በየዓመቱ ይደውልና “ሸኝቻቸዋለሁ፣ ተቀበል” ይላል። ጋሽ ደምሴ ደሴቷ ላይ ሲያዩዋት ደውለው “ደርሰዋል፣ ግን አክስተህ ነው የላክሃቸው” ይሉታል። የቢሾፍቱዎቹ ወደ ሩስያ በኩል እንደሚሄዱ ሁለቱም ያውቃሉ። ጨዋታቸው ነው።

ዘንድሮ ዘገየ አሉኝ። ሳይደውል እኔ ቀድሜ አይቼ ላብሽቀው አሉ። ከዚያ ሽመልስ በንዴት ሲንተባተብ እንዴት እንደሚሆን እያስመሰሉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። የሞተ ሰው ላይ ሳቅኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 24

አየኋት።

ከድልድዩ አልፎ ባለው ጠባብ ውሃ ላይ፣ ሸምበቆው ሥር፣ ወንዱና ሴቷ አብረው። የወንዱ ራስ አረንጓዴ፣ ደረቱ ነጭ። ያንን አፍ ማንም አይስተውም። ጋሽ ደምሴ ከኋላዬ ጓንታቸውን እየፈለጉ ነበር።

ካዩ ይደውላሉ። ስልካቸው ከእኔ ጋር ቢሆንም የእኔን ይጠይቁኛል፣ ካልሆነ ከመንገደኛ ይለምናሉ። ይህን ያህል ፈጥኜ አስቤ አላውቅም። ዞር አልኩና “እዚህ ምንም የለም ጋሼ፣ በሐይቁ በኩል እንሞክር” አልኳቸው። እሺ አሉ። ክንዳቸውን ይዤ ወሰድኳቸው።

ወፍ ማየት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከባሌ ጋር በተለያየሁበት ክረምት ሊፍት ውስጥ ሳለቅስ አገኙኝ፤ ምን ሆንሽ ብለው አልጠየቁም፣ ነገ ጠዋት ውሃ የማያስገባ ጫማ አድርጊና ውረጂ አሉኝ። የመጀመሪያው ትምህርት ያላየሽውን አየሁ አትበይ የሚል ነበር። ያየሽውን አላየሁም አትበይ ብለው ግን አልነገሩኝም። የሚያስፈልገኝ አልመሰላቸውም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ሲከብድ ነው የማየው። ሥራ ላይ አንዷ አሮጊት ፊትሽ ምን ሆነ አለችኝ። ስሟን እንኳ የማታስታውስ ሴት።

ዓርብ፣ መጋቢት 25

ዝናብ። ደሴቷ ላይ መቀመጫ ያለው መጠለያ ሥር ቆየን። ወፍ የለም፣ ቁራ እንኳ።

ስልኩ ምን ሆነ ብለው ጠየቁኝ። ሩት ትምህርት ቤት ይዛው ሄዳለች አልኩ። ያንቺን ስጪኝ፣ ሽመልስ ጋ አንዴ ልደውል አሉ። ባትሪዬ አልቋል አልኩ። ወዲያው ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ሁለታችንም ሰማነው። ጋሽ ደምሴ ወደ ውሃው ዞሩ። ያን ጊዜ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። አልወጣልኝም። እዚያ ቢወድቁብኝስ? ጀልባው እስኪመጣ ማን ያነሳቸዋል? ወይስ ይህን የማስበው ለራሴ ሰበብ ፍለጋ ነው?

ስመለስ አቶ ግርማ ጋ ደውዬ አልቻልኩም አልኩት። አንድ ሌሊት ነው የቀረው፣ ሆድ ይፍጀው አለኝ። የእሱ ሆድ አይደለ።

ወይዘሮ አልማዝ ገብተዋል። ያሳረፍናቸው እኔ ቤት ነው። ወንድማቸው ከእኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው ስለሚኖሩ፣ ለቅሷቸው እንዳይሰማ ፎጣ አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። ሩት እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ይህን ጊዜ እንግሊዝኛ አልተናገረችም።

ምንም ብናደርግ ሰውዬው ሞቷል። ብንደብቀውም፣ ብንነግረውም፣ በወጉ ብናደርገውም። ይህን ሳስብ ሁሉም ነገር ከንቱ ይሆንብኛል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 26

ጎህ ሲቀድ በሁለት ሊፍት ወረድን። ቄሱ፣ አቶ ግርማ፣ የእድሩ ሰዎች። ወይዘሮ አልማዝ መሐል። ኮሪደሩ ላይ ጫማችን እንዳይሰማ በጣታችን ሄድን። ደወሉን የተጫንኩት እኔ ነኝ፤ በማለዳ የሚደውል እሷ ብቻ ናት ተብሎ።

ከፈቱ። ለጀልባው ለብሰው ነበር። የወፍ ማያ መነጽሩ አንገታቸው ላይ፣ ቆቡ፣ የሻይ ቴርሞሱ በእጃቸው። መጀመሪያ ፈገግ አሉልኝ። ከዚያ ነጠላዬን አዩት። ዘቅዝቄ ነው የለበስኩት። ከእኔ ኋላ የቆመውን ሰው ገና አላዩም።

“ሽመልስ ነው?” አሉኝ።

ማንም ቃል ሳይናገር አወቁ። ቄሱ ያዘጋጁት ነገር ነበር፣ አልተባለም። ወይዘሮ አልማዝ አልፈውኝ ገብተው አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ። ቤቱ በጩኸት ተሞላ፣ ጎረቤት በር ከፍቶ አየን። ቴርሞሱን ማን ከእጃቸው እንደወሰደ አላስታውስም። ልባቸው ቆመ፣ አልቆመም እያልኩ ደረታቸውን ስመለከት ዋልኩ። አልወደቁም።

ወጉ የሚለው ልክ ነው፤ የያዛቸው ሰው ነበር። ለእናቴ የጎደለው ይህ ነው እያልኩ አለቀስኩ። ትንሽ እፎይ አልኩ። ለአንድ ቀን።

እሑድ፣ መጋቢት 27፣ ሆሳዕና

ሰው ሲገባ ሲወጣ ዋለ። ሁሉም ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው፣ ጣቱ ላይ የዘንባባ ቀለበት አለ። ወንበር ከሕንፃው አዳራሽ ተዋስን። እኔ ወጥ ቤት ብርጭቆ ሳጥብ ጋሽ ደምሴ መጡና አጠገቤ ቆሙ።

“ሰኞ ተቀበረ አሉኝ” አሉ። አዎ አልኩ።

“ረቡዕ እኔ ምን እያደረግኩ ነበር?”

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። እሳቸው ራሳቸው መለሱት፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ።

“ስስቅ ነበር። አፈሩ ሳይደርቅ እሱን እያስመሰልኩ ስስቅ ነበር። አንቺ ቆመሽ ታዪኛለሽ።”

ለልብዎ ፈርተን ነው አልኩ። እናቴን ነገርኳቸው፣ ፌስቡኩን፣ ብቻዬን መሆኔን። አዳመጡኝ፤ ሁልጊዜም ያዳምጣሉ። ከዚያ ሁሉም ይውጣ ብዬ የሐሙሱንም ተናገርኩ። ማንኪያ አፏን ማየቴን፣ ወንድና ሴት መሆናቸውን፣ ክንዳቸውን ይዤ ወደ ሐይቁ መውሰዴን።

“እነሱን ባያቸው ኖሮ እደውል ነበር። ባለቤቱ ታነሳለች። ያን ቀን አለቅስለት ነበር” አሉኝ። አንድ ብርጭቆ አንስተው ውሃ ቀዱና ወደ እንግዶቹ ተመለሱ። ውሃው ለማን እንደነበረ አላየሁም።

ሰኞ፣ መጋቢት 28

ወደ ደሴቷ አልሄድኩም። ማንኪያ አፎቹ ዛሬ ቢሄዱም ባይሄዱም፣ ማንን ልነግር ነው።

ሥራ ከመግባቴ በፊት ወረድኩ። በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። አልላጩም፣ በአንድ ሌሊት ያረጁ መሰሉኝ። እንደ ልማዴ እጄን ዘረጋሁ። እጄን አይተውት የእሳቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። ጎንበስ ብለው “ግቢ” አሉኝ።

ሕማማት ነው። መሳሳም፣ መጨባበጥ የለም፤ እኔ ነኝ የረሳሁት። ከእኔ በኋላ የገባውን አቶ ግርማንም አልጨበጡትም። ግን እሱም የዋሻቸው ሰው ነው፣ እሱን አይቼ የማውቀው ነገር የለም። ያልዋሻቸው ሌላ ሰው ይመጣ እንደሆነ ብዬ የአውቶቡሴ ሰዓት እስኪያልፍ ተቀመጥኩ። ማንም አልመጣም።

ፋሲካ ጠዋት እወርዳለሁ። ያኔም እጃቸውን ካልሰጡኝ ምክንያቱ ሕማማት አይደለም።