ስለ ወይዘሮ አብረኸት ገብረንጉስ ዕረፍትና ከደጃችን ስለተቀዳው ውሃ

በሮም የኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችና ቤተሰቦች መረዳጃ ማኅበር፣ ለሃያ ሰባት ዓመታት አባሉ የነበሩት ወይዘሮ አብረኸት ገብረንጉስ በድንገተኛ የልብ ሕመም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2019 በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ለአባላቱና በከተማው ለሚኖሩ ወገኖች በሙሉ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። በኀፍረትም ጭምር ነው።

መግለጫው አሥራ ዘጠኝ ቀን ዘግይቷል። ሁለት ጊዜ ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተቀደደ። እንደ ወጉ ደግነታቸውን ብቻ ዘርዝረን እንዳንዘጋው፣ ከታች የምንናገረው ነገር እንቅልፍ ነሳን።

ወይዘሮ አብረኸት መቀሌ ተወልደው አዲስ አበባ አደጉ። በ1992 ሮም ገብተው ሰባት ዓመት ሙሉ ፊሳ ሆነው፣ ማለት እዚያው አሠሪዎቻቸው ቤት እያደሩ፣ አንዲት አሮጊት አስታመሙ። ማኅበራችንን የተቀላቀሉት በመጡ በሦስተኛው ወር ነበር።

በ1999 ውሃ በሚመረምር አንድ ላቦራቶሪ በጽዳት ተቀጠሩ። ከሮም በስተደቡብ፣ ባሕር ዳር፣ ሥራ ካቆመ ብዙ ዓመት የሆነው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ አለ። ማመንጫው ቢዘጋም በዙሪያው ያለው ውሃ ጨረር እንዳይኖርበት ክትትሉ አይቋረጥም፤ ላቦራቶሪው ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። ወይዘሮ አብረኸት በ2004 ኮርሶውን፣ ማለት የሙያ ሥልጠናውን፣ አልፈው ናሙና ሰብሳቢ ሆኑ። ከባሕሩ፣ ከማመንጫው ቦይ አፍና ከገበሬዎች ጉድጓድ በየወሩ ውሃ ይቀዱ ነበር።

በ2008 የሁለት ጠርሙሶችን መለያ አቀያይረው ለጠፉ። ማንም ሳያውቅባቸው ራሳቸው ሄደው ለኃላፊያቸው ተናገሩ፤ ሁለቱም ቦታ ተመልሰው እንደገና ቀዱ። ከዚያ ወዲህ የዓመቱን መለያ ሁሉ፣ ቀኑንና ቦታውን፣ በጃንዋሪ ጽፈው ይጨርሱና በተጻፈው ቀን የተጻፈው ቦታ ካልቆሙ በቀር ጠርሙስ አይሞሉም ነበር።

በ2017 ከቪያ ኩርታቶኔው ሕንፃ በፖሊስ ተገደው የወጡ ወገኖቻችን ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ሜዳ ላይ ሲያድሩ፣ ወይዘሮ አብረኸት ከሥራ መልስ ወደ ሮማኒና ቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት በየቀኑ ውሃ አመላልሰውላቸዋል። ከአዲስ መጤዎች ጋር በፔርሜሶ፣ በመኖሪያ ፈቃድ፣ ማደሻ ሰልፍ ላይ አብረው ቆመዋል። ይህን ሁሉ ያደረጉት እኛ ፊት ከነሳናቸው በኋላ መሆኑ ይመዝገብልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወይዘሮ አብረኸት ከ2004 ጀምሮ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ጠርሙስ ይዘው ወደ ማኅበሩ ወጥ ቤት ይመጡ ነበር። ጠርሙሱን ከቧንቧው ሦስት ጊዜ አለቅልቀው ይደፉና በአራተኛው ሞልተው ይሄዳሉ። ለሰባት ዓመት ማንም ምንም አላለም። በማርች 2011 የጃፓኑ የኑክሌር ማመንጫ አደጋ በቴሌቪዥን በታየ ጊዜ ግን ወሬ ተነሣ። የማመንጫውን ጠርሙስ ልጆቻችን ውሃ በሚጠጡበት ገንዳ ታጥባለች ተባለ። አምባሻቸውን ሳይቀምሱ የሚያሳልፉ ሰዎች ታዩ።

ኤፕሪል 10 ቀን 2011 የተሰበሰበው ጠቅላላ ጉባኤ በውሳኔ ቁጥር 4፣ ወይዘሮ አብረኸት ማንኛውንም ጠርሙስ ይዘው ወደ ቤቱ እንዳይገቡ ከለከለ። እጁን ያላወጣ ሰው አልነበረም። እሳቸው ተነሥተው ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገሩ፤ እኛ ጆሮ ዳባ ልበስ አልን። ቃለ ጉባኤው የያዘው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ወ/ሮ አብረኸት ማብራሪያ ሰጥተዋል።» ምን እንዳብራሩ አልተጻፈም። ያንን መስመር የጻፈችው የማኅበሩ ጸሐፊ መዓዛ ናት፤ ይህንንም መግለጫ የምትጽፈው እሷው ናት።

ወይዘሮ አብረኸት አልተቀየሙም፤ መዋጮም ስብሰባም አላጓደሉም። የሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ሰኞ መጡና ደጃችን ካለው ናሶኔ፣ ከመንገዱ ቧንቧ፣ ቀድተው ሄዱ። በዝናብም በፀሐይም አንድ መቶ ሦስት ጊዜ ቀድተዋል። እኛ በመስኮት እናያቸው ነበር። መጋረጃ የምንስብም ነበርን።

ከቀብር በኋላ የላቦራቶሪው ኃላፊ ደብዳቤ ላኩልን። ጠርሙሶቹ ሁልጊዜ አዲስ ነበሩ። ሦስቴ የሚለቀለቁት ሕጉ ስለሚያዝ ነው እንጂ የሚታጠብ ነገር ኖሮባቸው አይደለም። የባሕሩ ውሃ ጤነኛ መሆኑ የሚታወቀው ከማመንጫው ርቆ ከሚገኝ ንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ማነጻጸሪያው የት ይቀዳ ተብለው ሲጠየቁ ወይዘሮ አብረኸት የእኛን ቤት መረጡ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያ ሁሉ ባሕር የተመዘነው በእኛ ውሃ ነው። ያን ቀን ግማሽ ሰዓት የነገሩን ይህንኑ እንደነበር አሁን ገባን። በቆምንበት አፈርን።

ናሶኔው አይዘጋም፤ ውሃው ሌት ተቀን ይወርዳል። ድሮ የማንሰማው ድምፅ አሁን ስብሰባ ያስቆመናል። አንድ ሰው ተነሥቶ በመስኮት አይቶ ይመለሳል፤ ማንም ምን አየህ ብሎ አይጠይቀውም።

ማኅበሩ ውሳኔ ቁጥር 4ን በሙሉ ድምፅ ሽሯል። ሙታን ቃለ ጉባኤ አያነቡም፤ እናውቃለን። ለልጃቸው ለቅድሳን፣ ለመላው ቤተሰብና ለላቦራቶሪው ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን፤ ይቅርታችሁንም እንለምናለን። የወይዘሮ አብረኸትን ነፍስ እግዚአብሔር በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን።

በመጨረሻ የምናስታውቀው ትናንት፣ ዲሴምበር 2፣ የመጀመሪያው ሰኞ የሆነውን ነው። ላቦራቶሪው ተተኪ እስኪቀጥር የወሩን ውሃ እንድንቀዳ ጠይቆን፣ ቅድሳን ጠርሙሱን ይዛ መጣች። መለያው በእናቷ እጅ ተጽፎ አልቋል፤ ቀኑ ዲሴምበር 2 ቀን 2019 ይላል። ሊቀ መንበሩ አቶ ተኽለሃይማኖት የወጥ ቤቱን በር ወለል አድርገው ከፍተው፣ ልጄ ግቢ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነው የሚቀዳው አሏት። ቅድሳን አልገባችም። ጠርሙሱን አዙራ የተቀዳበት ቦታ የሚለውን አሳየቻቸው። ወይዘሮ አብረኸት በጃንዋሪ የጻፉት «ማኅበራችን ደጅ» የሚል ነበር።

«እማዬ የተጻፈው ቦታ ካልቆመች አትቀዳም» አለች ቅድሳን።

ካፊያ ነበር። ሁላችንም ተከትለናት ወጣን። ሦስት ጊዜ አለቀለቀች፤ በአራተኛው ሞላች። በመስኮት የሚያይ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም ደጅ ነበርን።

ሮም፣ ዲሴምበር 3 ቀን 2019