በርሜል ውስጥ ስለረጋው የእሳት መድኃኒት

ለተከበሩ የከሰል ማዕድን ማውጫችን ሥራ አስኪያጅ፤

እንደምን ከረሙ? ደረትዎስ ደህና ነው? የጉድጓዱ ጭስ ቢሮዎ ድረስ ስለማይወጣ ደህና እንደሚሆኑ አልጠራጠርም። እኔ ፊደል ያልቆጠርሁ ጡረተኛ ከሰል ቆፋሪ ነኝ። ተናጋሪው እኔ ነኝ፣ ጸሐፊዋ ምራቴ ናት፤ ቃሉን ላለስልሰው ብትለኝ እምቢ ብያለሁ።

አንደኛ፦ ተቆፍሮ በተተወውና በግድግዳ በተዘጋው ዋሻ ውስጥ የቀረው ከሰል ራሱን በራሱ እያጋለ መሆኑን ሰምተው፣ ጄል የሚሉትን ዝልግልግ መድኃኒት ስላስመጡልን እናመሰግናለን። በግድግዳው ስንጥቅ ገብቶ ይረጋል፤ አየሩን ዘግቶ ከሰሉን ያበርዳል። እሰይ ብለን ነበር።

ሁለተኛ፦ ሻጮቹ መድኃኒቱ የሚሠራባቸው ሁለት ፈሳሾች እዚያው ስንጥቁ አፍ ላይ ተቀላቅለው ወዲያው ወደ ውስጥ እንደሚገፉ፣ ከቆዩ ግን እንደሚረጉ ሲያሳዩን፣ ከሁሉ ቀድመው ያጨበጨቡት እርስዎ ነበሩ። ጭብጨባዎ ጆሮዎን ሳይደፍነው አልቀረም፤ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ ሲባል፣ «ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው» ብለው ሁሉንም አስቀላቀሉት። ይኸው በየበርሜሉ ረግቶ በአካፋ ይቆረሳል። የመጋዘን ጠባቂው እንኳ «አባባ፣ ቁራሽ ልስጥዎት?» እያለ ይቀልድብኛል። ተቆጣጣሪዎቹም ክዳን ሳይከፍቱ አመስግነውዎት ሄዱ፤ እግዜር ሲያጣምር እንዲህ ነው።

ሦስተኛ፦ ነገሩ ሲነገርዎ፣ «ረጋ እንጂ አልጠፋም፤ እሳት ሲነሳ እንወረውረዋለን» አሉ አሉ። እሳቱ እኮ ያለው ከግድግዳው ጀርባ ነው! በስንጥቅ ውስጥ ጓል የሚያሾልክ ክንድ ካለዎት ይምጡና እንይልዎ።

አራተኛውን በቁጥር አላስገባውም፤ ልጄ ነውና። የዚህችው የጸሐፊዬ ባል የሚቆፍረው እዚያ ግድግዳ ሥር ነው። ሲመለስ ራሱን ያመዋል፤ ልብሱ ላምባ ላምባ ይላል። ጉድጓዱ ውስጥ ላምባ የለም፤ እንዲህ የሚሸተው ሊነድ የደረሰ ከሰል ነው። ያን ሽታ አብረውኝ ወርደው ያልተመለሱት ጓደኞቼ በደንብ ያውቁታል።

ስለዚህ አዲስ መድኃኒት መጥቶ በቦታው እስኪገፋ ድረስ ሰዎቹን ያውጡልን። ካላወጡ፣ ከነገ ጠዋት ጀምሮ መውረጃው በር ላይ ምርኩዜን ተንተርሼ እጋደማለሁ፤ የሚወርድ በላዬ ይራመድ። ልጄ አባቱን ረግጦ አያልፍም፤ እንዲያ አድርጌ አላሳደግሁትም።

በጥበብዎ እየተደነቀ የሚያረጅ፣ ግማሽ ሳንባው ከሰል የሆነ አክባሪዎ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው ብለው መፈረምዎን ሰማሁ። አንድ ቀን ወርደው መዳፍዎን ይለጥፉበት። በማይፈርሙበት እጅዎ ይሁን ታዲያ፤ ያኛው ገና ብዙ ሥራ አለበት።