በእናታቸው ጥፋት ያልመጣ ሕመም፦ የአቶ ሚሳኤል ከበበው አጭር የሕይወት ታሪክ

አቶ ሚሳኤል ከበበው ከአባታቸው ከአቶ ከበበው ዋቅጅራና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማናዬ ጌቱ በጥር ወር 1983 ዓ.ም. በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሀና ማርያም ተወለዱ። ገና ሲወለዱ ሰውነታቸው የላላ ነበር። ጣቶቻቸው ወደ ኋላ እስኪታጠፉ ይለሰልሳሉ፤ ክርናቸውና ጉልበታቸው ግን አልዘረጋ አለ። የሰፈር ሰውም ክፉ ሳያስብ፣ «ማናዬ ልጁን በቅቤ ሳታሸው ቀርታ ነው» አለ። ይህች ቃል ቤታቸው ገብታ ተቀመጠች። ወይዘሮ ማናዬ አሽተዋቸው ነበር፤ ሲደጋገምባቸው ግን እርሳቸውም «ይሆናል፣ አላሸሁት ይሆናል» ማለት ጀመሩ። ወጌሻ የሕፃኑን ጉልበት ሲጎትት፣ ልጃቸውን ግጥም አድርገው ይዘው የሚያለቅሱት እናት ነበሩ።

አቶ ሚሳኤል በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ትምህርት ጀመሩ፤ በ2002 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። ከዚያም መካኒሳ ሞባይል በመጠገን ይተዳደሩ ነበር። የታክሲ ረዳት አቅፎ ሲያስገባቸው «ቀስ በል ወንድሜ፣ ዕቃው ተሰባሪ ነው» እያሉ ተሳፋሪውን ያስቁ ነበር። ትዳር አልመሠረቱም።

በ2011 ዓ.ም. ሐኪሞች ከጭናቸው ጥቂት ጡንቻ ወስደው አስመረመሩ። እንደገባን እንንገራችሁ፤ በጡንቻ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ኮላጅን የሚባል፣ እንደ ክር ሆኖ ጡንቻን ደግፎ የሚይዝ ነገር ይሠራሉ። የአቶ ሚሳኤል ሕዋሳት ክሩን አበላሽተው ይሠሩት ነበር። ድጋፍ ያጣው ጡንቻ እየሞተ፣ በቦታው ጠባሳ እየተተካ ሄደ። ጉድለቱ ሲፀነሱ አዲስ የተፈጠረ ነው፤ ከእናትም ከአባትም አልወረሱትም፣ በመታሸትም የሚቀር አልነበረም።

ይህን ሲሰሙ፣ መድኃኒት አለው ወይ ብለው እንኳ ሳይጠይቁ እናታቸውን አስጠሩ። «እማዬ፣ ባንቺ አይደለም» አሏቸው። «እኔን ለማጽናናት ነው» አሉ ወይዘሮ ማናዬ። ሐኪሙም ደገመላቸው። እናት እሺ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እቤት ሲገቡ ግን የልጃቸውን እግር ማሸት ቀጠሉ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመተንፈሻ ጡንቻቸውም ደከመ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ34 ዓመታቸው አረፉ። አባታቸው ቀድመዋቸዋል። እናታቸውና እህታቸው ወይዘሪት ውዳሴ ቀርተዋል።

የሕመማቸው ነገር በቀብራቸው ላይ እንዲነበብ አደራ ያሉት ራሳቸው ናቸው። እንግዲህ ወገኖቼ፣ ከዚህ ተነሥተን ድንኳን ስንገባ የታናሽ እህቴን የማናዬን እጅ እየያዝን «ባንቺ አይደለም» እንበላት። ልጇ ሲነግራት አላመነችም፤ ብዙ ሆነን እንንገራት።

አፈሩ ይቅለላቸው። ነፍሳቸውን እግዚአብሔር ድካም በማይደርስበት ያኑርልን፤ አሜን።