አርባ ሁለተኛው ካናቴራ

ሚያዝያ 23 ቀን 1977 ዓ.ም.
ሃያ ሁለት ማዞሪያ፣ አዲስ አበባ

ለዓይኔ፣ ለልጄ ለፀሐይነሽ፣

ለሥራ የተመደብሽበት የጋምቤላ ሙቀትና ወባው እንዴት አድርጎሻል? እኔም ልጅሽ ብርቄም ደኅና ነን፤ የጎደልሽን አንቺ ብቻ ነሽ። ይኼን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አላስገባሁትም፤ ሾፌሩ ዋቅጅራ በኪሱ ይዞልሽ ይመጣል። ከመቆጣትሽ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢው።

«አባባ፣ ስለ ልጄ ስትል ዝም በል» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ስለ ልጅሽ ስል ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

የብርቄ ትምህርት ቤት ለዛሬው የሜይ ዴይ ሰልፍ ሁለተኛ ክፍሎች አንድ ዓይነት ካናቴራ ይልበሱ አለ። ከሱቅ የሚገዛ ጠፋ። ስለዚህ አንድ ጣቃ ነጭ አቡጀዲና ለኮከቡ የሚሆን ቀይ ጨርቅ አምጥተው እኔው ላይ ዘረገፉት፤ ልብስ ሰፊ አያት ያላት ተማሪ አለች ተብሎ ነው። ከጨርቁ ጋር የአርባ አንድ ልጆች ስም ዝርዝር አለ። ደጋግሜ አነበብኩት። ብርቄ የለችበትም።

አስተማሪዋ አስመረት ጥሩ ልጅ ናት፤ ዓይኔን ማየት አቃታት። «ጋሼ፣ ከቀበሌ የመጣ ነው። የፀረ አብዮተኛ ልጅ አትሰለፍም ብለዋል» አለችኝ። እንግዲህ ስሚ፣ አባቷን መኩሪያን ሲወስዱት ብርቄ ገና ጥርስ አላወጣችም። ጓደኞቿ አያቷ የሰፋውን ለብሰው ሲዘፍኑ እሷ ቤት ቁጭ ትበል? ደሜ ፈላ። ግን «እሺ» አልኩ። አንቺ ብትኖሪ እሺ ማለቴን ትጠረጥሪው ነበር።

ጨርቁ ለአርባ አንድ ልጅ ተለክቶ የመጣ ነው። ከየእጅጌው ሁለት ሁለት ጣት አሳጠርኩና አርባ ሁለተኛውን አወጣሁ። ኮከቡን ሆን ብዬ ወደ አንገት አስጠግቼ ሰፋሁት። አንገቱን ግን የአንዱንም አልከፈትኩም፤ ዙሪያውን በመኪና ሰፍቼ መሃሉን ሳልቆርጥ ተውኩት። «የልጅ ጭንቅላት በግምት አይሆንም፣ ጠዋት መጥቼ በየልጁ ልክ እቆርጠዋለሁ» ብዬ ላክሁባቸው። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

ዛሬ ማለዳ መቀሴን በአንድ እጄ፣ ብርቄን በሌላው ይዤ ሄድኩ። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። የቀበሌው ገንዘቤ፣ ያ ሱሪውን ስንቴ ያጠበብኩለት፣ ዝርዝሩን ይዞ ቆሟል። መጀመሪያ የብርቄን ካናቴራ አንገት ከፈትኩና አለበስኳት።

«ጋሽ እሸቴ፣ የእሷ ስም የለም» አለኝ።

«እንግዲያው የሌሎቹም አንገት የለም» አልኩና መቀሱን ኪሴ ከተትኩ።

«ሌላ ሰው ይቆርጠዋል!»

«ይቁረጠዋ። ኮከቡ ለሁለት ቢቀደድ ግን ለበላይ አካል የምታስረዳው አንተ ነህ።»

«ሰልፉን ሊያበላሹብኝ ነው እንዴ?»

«እኔ የሰፋሁት ለአንድ ክፍል ነው። ክፍሉ አርባ ሁለት ልጅ ነው።»

የአውቶቡሱ ሾፌር ጡሩምባውን ነፋ። ገንዘቤ ሰዓቱን አየ፣ አውቶቡሱን አየ፣ ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፎ ፊቱን አዞረ። አስመረት ልጆቹን አሰለፈችልኝ። አንድ በአንድ ከፈትኩላቸው፤ አንድም ኮከብ አልነካሁም። አርባ ሁለቱም ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ መጥሪያ መጣልኝ፤ ነገ ሦስት ሰዓት ቀበሌ ቅረብ ይላል። አትደንግጪ። ብዘገይ ብርቄ ጎረቤታችን ሸዋዬ ዘንድ ናት፤ ልብሷን ጠቅልዬ፣ የሱቁንም ቁልፍ ጨምሬ ሰጥቻታለሁ። የስፌት መኪናው ያንቺ ነው፤ ማንም ልውሰድ ቢል እንዳትሰጪ። ፈራህ ወይ ብትይኝ ፈርቻለሁ። ይቅርታ ግን አልልም፤ ያጠፋሁት ነገር ካለ አርባ ሁለተኛውን ከሌሎቹ አሳምሬ መስፋቴ ነው።

ብርቄ ከሰልፉ ስትመለስ «አባባ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲያየን አባቴም አይቶኛል?» አለችኝ። «አይቶሻል» አልኳት። ለምን ዋሸሃት እንዳትይኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ የት እንዳደረጉት አልነገሩኝም፤ ታዲያ እዚያ አልነበረም ሊለኝ የሚችል ማን ነው?

መድኃኔዓለም ከወባውም ከሰውም ይሰውርሽ። ልጅሽን አቅፈሽ ለማየት ያብቃሽ።

አባትሽ
እሸቴ